የዘመድ ሱቅ

አንድ የማላውቀው ሰውዬ ሱቄ በር ላይ ቆሞ፣ በአባቱ ተዝካር ላይ ባለመገኘቴ ሲቆጣኝ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ሰውዬውን አላውቀውም፤ አባቱንም አላውቃቸውም፤ መሞታቸውን የሰማሁትም እሱ ሲቆጣኝ ነው። «እኛ እኮ ሰው ነን! በሰው እንዲህ አይደረግም!» ሲለኝ ግን «አጥፍቻለሁ፣ አልሰማሁም ነበር» አልኩት። ቁጣው ወዲያው በረደለት። ሳሙናና ክብሪት ገዛ፣ ጉንጬን አገላብጦ ሳመኝ፣ ከአህያው ላይ ድንች አውርዶ ደጃፌ ላይ ዘረገፈልኝና ሄደ። እኔም ወይ እሱ አብዷል ወይ እኔ አብጃለሁ እያልኩ ጎንበስ ብዬ ድንቹን ለቀምኩ።

ይህ የሆነው እንጅባራ ነው፤ በጃንሆይ ጊዜ፣ በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ። ያኔ ከተማውን ኮሶበር የሚለው ሰው ይበዛ ነበር። ከተማ ማለትም የመኪናውን መንገድ ግራና ቀኝ ይዘው የተሰለፉ ቤቶች ናቸው፤ ግድግዳቸው በጭቃ የተመረገ ቀርከሃ፣ ጣሪያቸው ለደላው ቆርቆሮ፣ ላልደላው ሣር። ክረምት ላይ ጭጋጉ ሲወርድ ከመንገዱ ማዶ ያለው ቤት አይታይም። እኔ ባይታይ ደስ ይለኝ ነበር። ማዶ ያለው መደርደሪያው እስከ ጣሪያ የሞላ የአንድ ሀብታም ነጋዴ ሱቅ ነው፤ ገበያተኛው ሁሉ እዚያ ሲጋፋ ከባንኮኒዬ ጀርባ ሆኜ አያለሁ።

ተወልጄ ያደግሁት ቡሬ ነው። እንጅባራ ያመጣኝ ባሌ ነው። ሱቋን ከፍተን ብዙም ሳንቆይ እቃ ሊያመጣ ቆላ ወረደ፤ ወባ ይዞት ተመለሰ፤ ሳይሰነብት ሞተ። ልጅ አልወለድንም። አባቴ ከለቅሶው በኋላ ይዞኝ ሊሄድ ሲል «ሙት ዓመቱን ላውጣ» ብዬ ለመንኩት። እውነቱን ለመናገር ሙት ዓመቱ ምክንያት ነበር። ቡሬ ብመለስ አባቴ ጥርሱ ላለቀ አንድ ባለመሬት ሊድረኝ ቃል መግባቱን ሰምቻለሁ። ከዚያ ሽማግሌ ጋር ከመኖር ከጨውና ከላምባ ጋር መኖር ይሻለኛል። ሱቋ ከቆመች እኔም እቆማለሁ፤ ከተዘጋች መንገዴ ወደ ቡሬ ነው።

ሱቋ ግን መቆም አቃታት። ዋጋዬ ከማዶው አይበልጥም፤ ጨው ስመዝንም እጄ ለጋስ ነው። ከጥሊሊ፣ ከግምጃ ቤት፣ ከጥርባ የሚመጣው ገበያተኛ ግን በሬን እያየ ያልፋል። አብዛኛው እርስ በርሱ የሚያወራው በአገውኛ ነው፤ እኔ ደግሞ ከአገውኛ ሰላምታውን እንኳ አላውቅም። አማርኛ የሚችለው ገባ ብሎ እቃውን ያገላብጣል፣ «እመለሳለሁ» ይላል፣ ሳይመለስ ይቀራል። እኔም ብስጩ ነኝ። አንዷን ሴትዮ «ይህን አቡጀዲ ስታሺው ዋልሽ እኮ፤ ልትገዢው ነው ወይስ ልታጥቢው?» ብያት ከነጓደኞቿ ውልቅ ብላ ሄደች።

በረንዳዬ ላይ አንድ ልብስ ሰፊ ነበር። ማዕዘኗን የሰጠው ባሌ ነው። ልብስ ሰፊው የአገሩ ልጅ ነው፤ ወገኖቹ የሚኖሩት ጥርባ ነው። ሚስቱን ፈትቶ ብቻውን የሚኖር፣ እግሩ ከስፌት መኪናው፣ አፉ ከወሬ የማይለይ ሰው። ገበያተኛው የተቀደደ ሱሪውን ይሰጠውና እስኪጠገንለት አግዳሚው ላይ ይቀመጣል። ሱሪውን የሰጠ ሰው ወዴት ይሄዳል? ጋቢውን አገልድሞ የሚነግሩትን መስማት ነው። ልብስ ሰፊው ይተርካል፤ ሰዎቹ ይስቃሉ፣ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ፣ «እህ» እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሁሉም በአገውኛ ነው። እኔ ድምፁን እሰማለሁ እንጂ ነገሩ አይገባኝም። ድምፁን ግን ለመድኩት፤ ያልመጣ ቀን ሱቁ ጭር ይልብኝ ነበር።

ዓመቱ ሲወጣ አባቴ በአንድ የጭነት መኪና ሾፌር በኩል ላከብኝ። ሾፌሩም መልእክቱን እዚያው በረንዳ ላይ ቆሞ፣ መንደሩ እስኪሰማ ድረስ ጮኸው። «አባትሽ ከፋሲካ በኋላ መጥቼ እወስዳታለሁ፣ እቃዋን ሸጣ ትጠብቀኝ ብለዋል!» ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን አቆመ። ቀና ብሎ አየኝ። ትንሽ ቆይቶ መልሶ መስፋት ጀመረ።

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ አንዲት ሴትዮ መጣች፤ ጨው ገዛችና ዕንቁላል ሰጠችኝ። ልከፍላት ብል ተቆጣች። በሚቀጥለው ገበያ ከእሷ ጋር ሌሎች መጡ። ከዚያ ሱቁ ሞላ። ማዶ ይጋፋ የነበረው ሰው መንገዱን ተሻግሮ እኔ ጋ ይጋፋል። ዋጋ አይከራከሩም። ፊቴን ትክ ብለው ያዩና በአገውኛ ይንሾካሾካሉ። አንዷ አገጬን ይዛ ወደ ብርሃን አዞረችኝ። አንድ ሽማግሌ መረቁኝ፤ ምርቃቱ አልገባኝም፤ ስለ ሁሉም ነገር «አሜን» አልኩ። በተዝካር የተቆጣኝ ሰውዬም የመጣው በእነዚያ ቀናት ነው።

መድኃኒት ተደርጎብኝ ይሆን ብዬ ፈራሁ። እየቀለዱብኝ ይሆን ብዬም አሰብኩ፤ ግን ሰው ለቀልድ ብሎ ይህን ሁሉ ላምባ አይገዛም። ልብስ ሰፊውን ጠየቅሁት።

«ምን ነካቸው?»

«ሰው ወዶሽ ነዋ» አለኝ፣ ዓይኑን ከክሩ ሳያነሳ።

«በየትኛው አመሌ?»

«እሱንስ እንጃ» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ነገሩ ከነከነኝ።

በዚያው ሰሞን የወገኖቹ የሚካኤል ማኅበር ጠራኝ። ለማኅበሩ የሚሆነውን ጧፍና በርበሬ ከእኔ ወስደው ስለነበር ለምስጋና ነው ብዬ ሄድኩ። ሄጄ ከእንግዳ ጋር እቀመጣለሁ ስል ውስጥ፣ ከቤቱ ሴቶች ጎን አስቀመጡኝ። ጽዋው ሲዞር ለእኔም ደረሰኝ። የበላሁትን በላሁ፤ የምበላው በማን ስም እንደሆነ ግን አላወቅሁም። ስወጣ አንዲት ልጃገረድ በተሰባበረ አማርኛዋ «ነገም ነይ፤ ቤትሽ እኮ ነው» አለችኝ። ቤቴማ መንገድ ዳር ነው ብዬ ልመልስላት ነበር፤ አየኋትና ተውኩት።

ነገሩ የተገለጠልኝ አንዲት አሮጊት በበቅሎ ሲመጡ ነው። የልብስ ሰፊው አያት እህት ናቸው። ሁለት ጎልማሶች ደግፈው አወረዷቸው። ሱቅ ገብተው ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ እጄን ያዙና በአገውኛ እየተናገሩ ማልቀስ ጀመሩ። እኔ ሰው ሲያለቅስ አልችልም፤ ምክንያቱን ሳላውቅ አብሬ አለቀስኩ። ልብስ ሰፊው በሩ ላይ ቆሟል፤ ፊቱ ቀልቷል።

«ምንድን ነው የሚሉት? ተርጉምልኛ!»

ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ካመጧቸው ጎልማሶች አንዱ ተረጎመልኝ። በክፉ ቀን፣ ያ ረሀብ አገሩን የፈጀ ጊዜ፣ አሮጊቷ ልጅ ሆነው ከታናሽ እህታቸው ጋር እህል ፍለጋ ወደ ዳሞት ይወርዱ ነበር። ፈጣም ወንዝ ላይ መንገደኛው ሲጋፋ የእህታቸው እጅ ከእጃቸው ወጣ። ከዚያ ወዲህ አልተገናኙም። «አሁን ግን» አለ ጎልማሳው፣ «የእሷ የልጅ ልጅ አንቺ ቡሬ ተወልደሽ፣ እግዜር ራሱ እጅሽን ይዞ አገርሽ እንዳመጣሽ ሰማን።»

አሮጊቷ በበቅሏቸው እስኪርቁ ጠበቅሁና በረንዳው ላይ ወጥቼ ጮኽኩበት።

«ማን ነው ይህን ያወራው?»

«እኔ ነኝ።»

«ከየት አምጥተህ?»

«ከአፌ» አለ። «ያቺ የጠፋች ልጅ በቤታችን ሁሌ ትነሳለች። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማት ያደግሁት ናት። አንቺ ደግሞ ከቡሬ መጣሽ። ገጠምኳችሁ።»

«ምነው ሌላ ብትል? ሚዛኗ አይሰርቅም፣ ጨዋ ናት ብትል?»

«ብዬ ነበር እኮ። እሺ አሉና ማዶ ሄዱ።» መርፌውን የያዘው ጨርቅ ላይ ሰካ። «ሰው የሚገዛው ከዘመዱ ነው። ዘመድ የለሽም። አባትሽ ሊወስዱሽ ነው። ምን ላድርግ?»

ቅጥል አልኩ። ይህ ሰው ከተማ እንዳልለቅ ብሎ ሙታንን ቀስቅሷል። ተናድጄበት ነበር፤ ደስም ብሎኝ ነበር፤ የትኛው እንደሚበልጥ አላውቅም። ገብቼ ባንኮኒውን መጥረግ ጀመርኩ። የተጠረገውን ደግሜ ጠረግሁ።

ወሬውን አላፈረስኩም። እንዴት ይፈረሳል? ሰው ሁሉ ደስ ብሎታል። ሱቋ ነፍስ ዘራች፤ ለሰርጉም ለማኅበሩም የሚያስፈልገውን ከእኔ ይወስዳሉ፤ ከግምጃ ቤት ድረስ «የእኛ ልጅ ሱቅ የት ነው?» እያለ የሚመጣ ነበር። እኔም አመሌ ለሰለሰ። አንድ ሁለት የአገውኛ ቃል ለመድኩ፤ ስናገር ይስቁብኛል፤ ስቀው ይስሙኛል። ከልብስ ሰፊው ጋር ምሳችንን አንድ ላይ መብላት ጀመርን። ወደድኩት። እሱም አንድ ቀን የጎረሰውን ሳይውጥ «አባትሽ ሲመጡ ሽማግሌ እልካለሁ» አለኝ። እኔ በደስታ ሳቅሁ። ወዲያው ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

«አንተ፣ ዘመድ አይደለንም እንዴ?»

ማኘኩን አቆመ። እስከ ሰባት ትውልድ ተቆጥሮ ነው የሚጋባው፤ እዚህም ቡሬም ያው ነው። በእሱ ወሬ ብንሄድ የእኔና የእሱ አያቶች የእህትና የወንድም ልጆች እንኳ አይደሉም፤ አንድ እናት የወለደቻቸው እህትና ወንድም ናቸው። ሰባት ቀርቶ አራትም አይሞላም። ይህን ሁሉ ተረት ሲያወራ፣ ይህ ሁሉ ሰው ሲያምነው፣ ይህቺን አንዷን ነገር አላሰባትም። በኋላ ብዙ ጊዜ ጠይቄዋለሁ። «እንዳትሄጂ እንጂ ሌላ ምንም አልታየኝም» ይለኛል።

ሊያፈርሰው ሞከረ። አጎቱ ዘንድ ሄዶ «ውሸት ነው፣ እኔ ነኝ የፈጠርኩት» አላቸው። አጎትየው መጀመሪያ ሳቁ። ለምን እንደሚል ሲገባቸው ግን ዱላቸውን አነሱ። «እህትህን ለማግባት ብለህ ዘርህን ትክዳለህ?» ብለው ከደጅ መለሱት። እውነቱን ሲናገር ዋሾ ሆነ።

የቀረን ተስፋ አባቴ ነበር። ያ እንዳይመጣ ስፈራው የነበረ ሰው አሁን ቶሎ እንዲመጣ የምጸልይለት ሆነ። አባቴ የእናቱን አገር ያውቃል። አንድ ቃል ከተናገረ ወሬው ይፈርሳል። ወሬው ሲፈርስ ግን ሱቁስ? እነዚያ ሁሉ የሚስሙኝ ሰዎች መንገዱን ተሻግረው ተመልሰው ማዶ ቢሄዱስ? ሲመሽ ሱቁን ላጣ ቆርጬ እተኛለሁ፤ ሲነጋ ገበያተኛው «እንዴት አደርሽ ገላዬ» ሲለኝ ሐሳቤ ይገለበጣል። በመጨረሻ ልብስ ሰፊውን መረጥኩ። በሽማግሌዎች ፊት እሱ ውሸቱን ይናገራል፣ አባቴ ያረጋግጣል፣ ከዚያ የሚመጣውን አብረን እንችላለን ተባባልን።

አባቴ እሳት ለብሶ እሳት ጎርሶ መጣ። የማዶው ነጋዴ ለሾፌሩ፣ ሾፌሩ ደግሞ ለእሱ «ልጅህ ሌላ ዘር ቆጥራ ከአገው ተዛመደች» ብለው ነግረውታል። ከመኪናው ሳይወርድ ነበር መጮህ የጀመረው። «አባት የላትም ብለው ነው? ውሰዱኝ እነዚህ ሰዎች ጋ!» አለ። በማግስቱ ሰንበት ነበርና ከቅዳሴ በኋላ ጥርባ፣ አሮጊቷ ቤት፣ ሁላችንም ተሰበሰብን። ሽማግሌዎቹ፣ ወገኖቻቸው፣ እኔ፣ አባቴ። ልብስ ሰፊው በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ጠዋት «ዛሬ እናገራለሁ» ብሎኝ ነበር።

ሽማግሌዎቹ አሮጊቷ ይቅደሙ አሉ። አሮጊቷ ስለ ፈጣም ተናገሩ፤ ጎልማሳው ተረጎመ። ስለ እህታቸው እጅ ተናገሩ፤ እንዴት ትንሽ እንደነበረችና ላብ አርሷት እንዴት እንዳመለጠቻቸው። ከዚያ አንዱ ሽማግሌ ወደ አባቴ ዞሩ።

«እንግዲህ እርስዎ ይንገሩን። እናትዎ አገራቸው የት ነው?»

ይጮሃል ብዬ ጠበቅሁ። አባቴ ግን አቀረቀረ። ቀና ብዬ አየሁት። እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

«አላውቅም» አለ።

«እንዴት?»

«እናቴ ጡት ሳልጥል ነው የሞተችው። በክፉ ቀን መንገድ ላይ የተገኘች ልጅ ናት፣ ያሳደጓት ሰዎች አገሯን አያውቁም ሲሉ ነው የሰማሁት።» ጋቢውን ሰበሰበ። «የክፉ ቀን ልጅ ይሉኝ ነበር ልጅ ሆኜ። ሰው ሲጣላኝ አሁንም ይለኛል። በዘመኔ ሁሉ የእናቴ ወገን ነኝ ያለኝ ሰው የለም።»

እኔ ይህን ሰምቼ አላውቅም። ሠላሳ ዓመት ሊሆነኝ ምንም አልቀረኝ፤ አባቴ ስለ እናቱ ሲያወራ አንድ ቀን ሰምቼ አላውቅም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ልብስ ሰፊውን አየሁት። አፉ ተከፍቷል። ከአፌ ነው ያመጣሁት ያለኝ ነገር ከአባቴ አፍ ወጣ። እውነት ይሆን? አገሩ ሁሉ በዚያ ጊዜ ልጅ የጠፋበት ነው፤ ስንት ልጅ በስንት መንገድ ላይ ቀርቷል፤ ለምን ያቺ ትሆናለች? ደግሞስ ለምን አትሆንም? ያን ቀን ያልለየሁትን ነገር ዛሬም አልለየሁትም፤ አርጅቼም አንዳንድ ቀን ነች እላለሁ፣ አንዳንድ ቀን አይደለችም እላለሁ።

አሮጊቷ እስኪተረጎምላቸው አልጠበቁም። እጃቸውን ዘረጉ። ያ የፈራሁት፣ ለሽማግሌ ሊድረኝ የመጣ፣ በመኪና ላይ ሆኖ የሚጮህ አባቴ፣ በጉልበቱ ሄዶ ራሱን ጭናቸው ላይ ጣለና «አክስቴ!» ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ቤቱ ውስጥ ዓይኑ ያልረጠበ ሰው አልነበረም።

በዚያ መሀል ልብስ ሰፊው ተነሳ። ቃሉን ሊጠብቅ ነው። «አንድ የምናገረው አለ» አለ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። አባቴም ከአሮጊቷ ጭን ላይ ቀና አለ፤ ፊቱ እንባ ብቻ ነው።

እኔ ራሴን ነቀነቅሁ። ተው አልኩት በዓይኔ።

አባቴንና አሮጊቷን አየ። ከዚያ «እንኳን ደስ ያላችሁ» አለና ተቀመጠ።

አባቴ ቡሬ ብቻውን ተመለሰ። የባለመሬቱ ነገር ዳግም አልተነሳም። «እዚህ ወገን አለሽ፤ ተቀመጪ፣ ሥራሽን ሥሪ» አለኝ። ሊሳፈር ሲል በረንዳው ላይ የልብስ ሰፊውን እጅ ያዘ። «አንተ ወንድሟ ነህ፤ አደራ» አለው። እሱም «እሺ» አለ። ሌላ ምን ይበል?

መኪናው ከሄደ በኋላ ሁለታችንም ወደየሥራችን ተመለስን። ገበያተኛ መጣ፤ ጨው መዘንኩ፣ ሳሙና ሸጥኩ፣ ተሳምኩ። ፀሐይዋ ወጥታ ስለነበር በረንዳው ሞቋል። እሱ አቀርቅሮ የሰው ኮት ይሰፋል። ከተዋወቅን ጀምሮ በስሜ ነበር የሚጠራኝ። አሁን ግን ክሩን በጥርሱ በጠሰ።

«እህቴ» አለኝ፣ ሳያየኝ። «እባክሽ ውሃ አቀብይኝ።»

ቀዳሁና አቀበልኩት።